ዲኤክስ ወይስ ላዳ? አሮጌዎቹ መኪናዎች በገዥ ሚዛን

በአዲስ አበባ የአሮጌ መኪና ገበያ ስማቸው ሳይነሳ የማይውል ሁለት መኪናዎች አሉ፡፡ አንደኛው በተለምዶ «ዲኤክስ» የሚባለው ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን ሌላው ላዳ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. ረጅም ጊዜ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ከተጣለና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ዋዛ የሚታይ ንብረት አልሆነም፡፡ ገዥውም ምን እንደሚገዛ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል፡፡

ላዳ በዘሩ ጣሊያናዊ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 በሶቪየት ኅብረት መመረት የጀመረው በፊያት 124 ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ ለመጥፎ መንገድ ሲባል የአካሉ ላሜራ እንዲወፍርና ከመሬት ከፍ እንዲል ተደርጓል፡፡ የመጀመሪያው 2101 ሞዴል ሞተር 1,198 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ 64 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ክብደቱ ደግሞ 955 ኪሎ ነው፡፡

ዲኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው አራተኛው የኮሮላ ትውልድ ነው፡፡ «4ኬ» የተባለው ሞተሩ 1,290 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱ ወደ 60 ይጠጋል፡፡ በወረቀት ላይ ላዳው እኩል ወይም ጥቂት የበለጠ ቢመስልም፣ ኮሮላው ቀለል ያለ በመሆኑ በአነሳስም በነዳጅም ይጠቀማል፡፡ የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳቱ ሲታሰብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፡፡

ሁለቱም የኋላ ጎማ የሚነዱና ካርቡራቶር ያላቸው ናቸው፡፡ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለች ከተማ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ ያጣል፡፡ አየሩ ስለሚሳሳም ካርቡራቶሩ ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ጥቁር ጭስም ይተፋል፡፡ ስለዚህ ዳገት ላይ የደከመ መኪና ሁሉ ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም፡፡

ዋናው ልዩነት ያለው ቴስታታው ላይ ነው፡፡ የላዳው ካም የሚዞረው ቴስታታው ላይ በመሆኑ ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ ቶሎ ይበላል፤ ከላይ የሚሰማ የማያቋርጥ መንኳኳትም ምልክቱ ነው፡፡ የኮሮላው ካም ግን ከታች ብሎኩ ውስጥ ስለሆነ ቸልተኛ ባለቤትን የበለጠ ይታገሣል፡፡ ይሁንና የሁለቱም ቴስታታ አልሙኒየም በመሆኑ አንዴ ሙቀት ከወጣበት ይጣመማል፡፡ የራዲያተሩ ውኃ ውስጥ ዘይት ከታየ ድርድሩን ማቆም ይሻላል፡፡

በመለዋወጫ በኩል ሁለቱም ሶማሌ ተራን የሚያውቁ ናቸው፡፡ የላዳ ክላሲክ ዝርያ ግን ሩሲያ ውስጥ መመረቱ እ.ኤ.አ. በ2012 አብቅቷል፡፡ ለዓመታት ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ በታክሲነት የሠራ ላዳ ከሆነ ደግሞ ወለሉንና የበሮቹን ሥር ለዝገት መፈተሽ ግድ ነው፡፡

ደላሎችም ገዥዎችም የሚዘነጉት አንድ ነገር ሊብሬ ነው፡፡ ዕድሜ በጠገበ መኪና ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፡፡ የተቀየረው ሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን ስም ሲዛወር ችግሩ የሚተርፈው ለገዥው ነው፡፡ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ሳይመሳከር ቀብድ መስጠት አያዋጣም፡፡

በጥቅሉ ሲታይ፣ ለቤተሰብ አገልግሎትና ነገ መልሶ ለመሸጥ ዲኤክስ ይመረጣል፡፡ ላዳ የሚያዋጣው አቅሙ ውስን ለሆነና ጥገናውን በራሱ እጅ ለሚችል ገዥ ነው፡፡ ሆኖም በደንብ የተያዘ ላዳ፣ ሙቀት ከወጣበት ዲኤክስ እጅግ የተሻለ ዕቃ ነው፡፡