ያውቁ ኖሯል? ሐኪምን በፈረንሳይኛ ማነጋገር

ከኩቤክ ውጭ ባሉት የካናዳ ግዛቶች አንድ ሚሊዮን ያህል ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ይኖራሉ። ሆስፒታል ማስተዳደር የግዛቶቹ ሥራ ስለሆነ፣ የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት፣ ሄልዝ ካናዳ፣ ሐኪም ቀጥሮ አይልክላቸውም፤ በገንዘብ በኩል ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ነርሶችና ሐኪሞች በፈረንሳይኛ እንዲሠለጥኑ ይደግፋል፤ አገልግሎቱ የት እንደጎደለ የሚከታተሉ የየአካባቢው ኔትወርኮችንም ይረዳል። በኩቤክ የሚኖሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ከድጋፉ ድርሻ አላቸው።

የዚህ ዓይነቱ አገልግሎት መርህ ታካሚው እስኪጠይቅ አትጠብቁ ይላል። እንግዳ ተቀባይዋ «ሄሎ፣ ቦንዡር» ብላ ትጀምራለች፤ በየትኛው እንደሚመልስ ታካሚው ይመርጣል። ደረቱን እየወጋው የመጣ ሰው በቋንቋዬ አስተናግዱኝ ብሎ የሚከራከርበት አቅም ከየት ያመጣል?

በፈረንሳይኛ የመታከም ዕድል በልመና ብቻ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1997 በኦንታሪዮ ግዛት አንድ ኮሚሽን በኦታዋ የሚገኘው፣ በፈረንሳይኛ የሚያገለግለው የሞንፎር ሆስፒታል ይዘጋ ሲል፣ 10 ሺህ ያህል ሰው ለተቃውሞ ተሰበሰበ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2001 የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለሆስፒታሉ ፈረደ። ሞንፎር ዛሬ ሐኪሞችን በፈረንሳይኛ ያሠለጥናል።