የተራቆተ ተራራ ማልማት ለልጆቻችን ሥራ ይሆናል ወይ?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በአንድ ጁሙዓ ሸዋ ሮቢት ላይ ከሶላት በኋላ አንድ አባት ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ኡስታዝ፣ ልጄ ትምህርቱን ጨርሶ ቁጭ ብሏል። በሬዬን ሽጬ ለደላላ ልስጥለትና በጅቡቲ በኩል ይሂድ ወይስ እዚሁ ተራራው ላይ እርከን ይሥራ? እሱ እንደሁ የእርከን ሥራን ሥራ አይለውም። ምን ይመክሩኛል?» ያን ዕለት ቆሜ የሰጠኋቸው መልስ አጭር ነበር። ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ስደቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኅዳር 2006 ዓ.ም ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነው። ስለዚህ በሬው ከመሸጡ በፊት እዚህ ያለውን ሥራ በቅጡ መመርመር ይገባል።

ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው? በይፋት ዳገት ላይ የሚወርደው የነሐሴ ዝናብ የሚይዘው ሥርና ሣር ካጣ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቆላው ይወርዳል። ማሽላውንና ማሾውን ይዞ ይሄዳል፤ ቦረቦሩንም ያሰፋዋል። ሥራው ይህን ውኃ ማስቆም ነው። በመጀመሪያ ቦታው ከልቅ ግጦሽ ይከለላል። ቀጥሎ እርከንና የውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራል፤ ቦረቦሩም በድንጋይ ክትር ይታሰራል። የቆመው ውኃ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከታች ያለውን ምንጭና የጉድጓድ ውኃም ይመግባል። ስለዚህ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ታች ላለው የሽንኩርት ማሳ መስኖ ነው ማለት ይቻላል።

መሬት የሚያገግመው በችግኝ ብቻ አይደለም። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ሲያገግም ዋናው ዘዴ የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ ሥሩ በሕይወት እንዳለ አውቆ ቡቃያውን መምረጥ፣ መግረዝና መጠበቅ ነበር። ለከሰል የተቆረጠው የቆላችን ግራርም ሥሩ ካልሞተ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ሳያውቁ መትከል ደግሞ ጉዳት አለው። ጎረቤታችን አፋር ውስጥ አፈር ይጠብቃል ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ የግጦሽ መሬቱን ወርሮ አርብቶ አደሩን አስለቅሷል። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ መልሶ ይበቅላል፤ ከአፈር በታች ተቆፍሮ መነቀል አለበት። ፍሬውንም ከብት በልቶ በእበቱ ይዘራዋል። እሱን መንቀል፣ እንጨቱን ከሰል ማድረግና ፍሬውን ፈጭቶ ለከብት መኖ ማዋል ራሱን የቻለ የወጣት ሥራ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። መትከሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ማረሙ፣ ውኃ ማጠጣቱና ከፍየል መጠበቁ ግን ዓመታት ይፈጃል። ደመወዝ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው ከመኸር በኋላ በዘመቻ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ ነው፤ ለጋራ ጥቅም ሲባል በነፃ ጉልበት ይሠራል። ሁለተኛው በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው፤ ለምግብ እጥረት የተጋለጠ ቤተሰብ አቅም ያለው አባሉ ሠርቶ ክፍያ ያገኝበታል፤ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ግን ሳይሠሩ ይረዳሉ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ለወጣት ቋሚ መተዳደሪያ አይሆኑም። ሦስተኛው ወጣቶች ተደራጅተው የተከለለውን ቦታ በውል ተረክበው የሚሠሩት ነው፤ ሣር አጭደው ይሸጣሉ፣ ንብ ያንባሉ፣ በግ ያደልባሉ፣ ችግኝ ያፈላሉ። የዚያ አባት ልጅ ሥራ ብሎ ሊይዘው የሚችለው ይህን ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1942 ሥራ አጥ ወጣቶች በካምፕ እየኖሩ ደን እንዲያለሙ ተደርጎ ነበር። ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ወጣቶች ከሦስት ቢሊዮን በላይ ዛፍ ተክለዋል። በወር ከሚከፈላቸው 30 ዶላር ውስጥ 25ቱ የሚላከው ለቤተሰቦቻቸው ነበር። ልጅ ባሕር ሳያቋርጥ ቤተሰቡን መርዳት ቻለ ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ከመመዝገቡ በፊት ጠይቁ። ውሉ በጽሑፍ ነው? ለስንት ዓመት ነው? የቀን ክፍያው ስንት ነው? መቼ ይከፈላል? ሣሩና ማሩ የማን ነው? ክረምቱን ሙሉ ቆፍረው «ክፍያው በኋላ ይመጣል» የተባሉ ወጣቶች ቅሬታቸውን ነግረውኛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል። ዋጋውን ማዘግየት በዳይነት ነው፤ ሥራው መልካም መሆኑ በደሉን አያነሳውም።

ሌላም ሐቅ አለ። ተራራ ሲከለል ሁለት ፍየል ያላት ባልቴት የት ታሰማራለች? ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ለተከለለው ግጦሽ ጠባቂ ሲሾሙ፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ደሃ እንዲያስገባ፣ የባለጸጎቹን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘውት ነበር። ባለጸጋው መንጋው ቢያልቅበት ወደ እርሻውና ወደ ተምሩ ይመለሳል፤ ደሃው ግን ከነልጆቹ ይራባል። ስለዚህ ከተከለለው ቦታ ሣር ሲታጨድ የባልቴቷ ድርሻ ይቅደም። እንዲህ ከሆነ እሷም ጠባቂ ትሆናለች፤ ካልሆነ ግን ክልሉ በሌሊት ይፈርሳል።

እናም አባታችን፣ በሬዎን አይሽጡ። ልጅዎም የእርከን ሥራን አይናቅ። አንድ ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ደመወዙን ያገኛል፤ ኒያው ከተስተካከለ አጅሩንም ያገኛል። የመስጊድ ጀመዓችንም ውላቸውን አብሮ ያንብብላቸው፤ ክፍያቸው ሲዘገይም አብሮ ይጠይቅላቸው።

አላህ ዝናባችንን የበረከት ያድርገው፣ ለአገራችን ሰላሙን ይስጥልን፣ ልጆቻችንንም በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።