መስታወቱ ተቀየረ፤ ካሜራውን ማን ለካው?

ጋራዣችን ከሚመጡት አዳዲስ መኪኖች ብዙዎቹን የሚያመጣቸው የሞተር ወይም የባትሪ ችግር አይደለም። «በራሷ ፍሬን ትይዛለች»፣ «መሪውን ከእጄ ትነጥቀኛለች»፣ «ባዶ መንገድ ላይ ትጮኻለች» የሚል ነው አቤቱታው። ከዚያ «አጥፋልኝ» ይከተላል። ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ማጥፋቱ የደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን እጄን ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው አለ፦ የፊት መስታወቷ ተቀይሮ ያውቃል? ፓራውልቷስ ተፈትቶ ያውቃል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አዎ» ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የከተማችን መኪና በፍጥነት ተለውጧል። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ በተለይ ለቻይና ገበያ የተሠሩት፣ ብዙዎቹ ሾፌሩን በሚያግዙ የደህንነት ሥርዓቶች የተሞሉ ናቸው። ከፊት የሚመጣን አደጋ አይቶ ፍሬን የሚይዝ፣ ከረድፍ ስትወጣ መሪውን የሚመልስ፣ ከፊት ካለው መኪና ጋር ርቀት ጠብቆ የሚነዳ ሥርዓት አላቸው። መኪናው ገባ፤ እነዚህን ዕቃዎች የሚለካና የሚያስተካክል ጋራዥ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከፈተም። ጭንቀቴም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእነዚህ ሥርዓቶች ሥራ በዋናነት የሚሠራው በሁለት ዕቃ ነው። አንዱ ከኋላ ማሳያው ጀርባ፣ በፊት መስታወቱ የላይኛው ክፍል ላይ የተቀመጠ ካሜራ ነው። የመንገዱን መስመርና የእግረኛውን ቅርጽ የሚለየው እሱ ነው። ሌላው ከፊት ፓራውልቱ ወይም ከአርማው ጀርባ የተደበቀ ራዳር ነው። 77 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ፣ ከፊት ያለው ነገር ምን ያህል እንደራቀና በምን ፍጥነት እየቀረበ እንደሆነ ይለካል። ሁለቱም ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያዩበት አቅጣጫ በጥንቃቄ ተለክቶ ነው። ያ አቅጣጫ ወደ ጎን በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ 100 ሜትር ላይ ያለው ነገር 1 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ያህል ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ይታየዋል። የአንድ ረድፍ ስፋት 3 ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ግማሽ ረድፍ ሳተ ማለት ነው። በአጠገብዎ ባለው ረድፍ ቆሞ ተሳፋሪ የሚያወርደውን ሚኒባስ ፊትዎ የቆመ ያስመስለዋል፤ መኪናዋም ያለ ምክንያት ፍሬን ትይዛለች። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ተቃራኒው ነው፤ ፊትዎ ያለውን ሰው ዳር ላይ ያለ ያስመስለዋል።

አንዲት መምህር የኤሌክትሪክ መኪናቸውን ይዘው መጡ። «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ልታስጨርሰኝ ነው፤ መገናኛ አደባባይ ስደርስ መሪውን ትጎትተኛለች» አሉኝ። ከገልባጭ መኪና የፈነጠረ ድንጋይ የፊት መስታወቱን ሰብሮባቸው በሌላ ቦታ አስቀይረዋል። «እትዬ፣ ካሜራውን ለክተውልዎታል?» ስላቸው «የምን ካሜራ?» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ማንም አልነገራቸውም።

በኮምፒውተር ስፈትሻት አንድም የብልሽት ኮድ የለም። ዳሽቦርዱም ላይ መብራት አልበራም። የካሜራውን የፕላስቲክ ክዳን አውልቄ ሳይ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ካሜራው የሚንጠለጠልበት መያዣ አዲሱ መስታወት ላይ በእጅ የተለጠፈ ነው። በግራ በኩል ተቀምጧል፤ በቀኝ በኩል ማጣበቂያው ወፍሮ ከፍ አድርጎታል። መስታወቱንም ፈተሽኩት። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከውጭ አስይዤ ከውስጥ ሆኜ ስመለከት፣ ካሜራው በሚያይበት ቦታ ላይ መስመሩ ይታጠፋል። እንዲህ ያለ መስታወት ለሰው ዓይን ምንም አይልም፤ ካሜራው ግን የታጠፈውን መስመር እውነት ብሎ ነው የሚያሰላው። ኮዱ ያልወጣው ካሜራው ኤሌክትሪክ ስለሚያገኝና ምስል ስለሚያይ ነው። ወዴት እንደሚያይ ግን ሁልጊዜ ራሱ አይለይም።

መያዣው በፋብሪካ የተገጠመበት ትክክለኛ መስታወት እስኪገኝ ሳምንታት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወለሉ ደልዳላ መሆን አለበት። የአራቱም ጎማ ንፋስ ይስተካከላል፤ ከኋላ ያለ ዕቃ ሁሉ ይወርዳል። የመኪናዋ መሃል መስመር በቱንቢና በሌዘር ይወጣና፣ አምራቹ በሚያዘው ርቀትና ከፍታ ምልክት ያለበት ሰሌዳ ፊት ለፊቷ ይቆማል። ካሜራው ሰሌዳውን አይቶ ቦታውን እንዲያውቅ በኮምፒውተር ይታዘዛል። አንዳንድ መኪና በዚህ ብቻ አይበቃውም፤ መስመሩ በደንብ የሚታይ መንገድ ላይ በማይዋዥቅ ፍጥነት መነዳት ይፈልጋል። ይህን ከተማ ውስጥ ማግኘት ከባድ ስለሆነ በቱሉ ዲምቱ አድርገን የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ እንወጣለን። መምህሯ መኪናቸውን ከወሰዱ በኋላ መሪው አልጎተታቸውም።

መስታወት ብቻም አይደለም። መንገዳችን ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ስፔሰር አስገብቶ መኪናውን ያስነሳል። ከፊትና ከኋላ እኩል ካልተነሳች የካሜራውም የራዳሩም አፍንጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዞራል። አርማ የተሰረቀበት ሰው ሶማሌ ተራ ሄዶ ኒኬሉ የሚያበራውን ገዝቶ ይለጥፋል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን የፋብሪካው ጠፍጣፋና ለስላሳ አርማ የራዳሩ መስኮት ነው፤ ሞገዱ እንዲያልፈው ታስቦ የተሠራ ነው። ፓራውልት ሲጋጭ ላሜራ ቀጥቃጩ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ ደርቦ ይቀባዋል፤ ራዳሩ በወፈረው ቀለም ውስጥ ሊያይ ይገደዳል። የቦሎና የመድን ተለጣፊ ካሜራው ፊት ተለጥፎ ያገኘሁበትም ጊዜ አለ። እነዚህን የሚሠሩት ሰዎች በሙያቸው የተካኑ ናቸው። ፓራውልቱን እንደ ፓራውልት አሳምረው ይሠሩታል፤ ከጀርባው ያለውን ዕቃ ግን ማንም አላሳያቸውም።

ለቻይና ገበያ የተሠሩት ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ማስጠንቀቂያው በቻይንኛ ይጻፋል፣ በቻይንኛ ይናገራል። ሾፌሩ መኪናዋ «ካሜራዬ ተሸፍኗል» ትበል ወይም «ቀበቶህን እሰር» ትበል የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የማይገባውን ጩኸት ሰው ሁሉ ያጠፋዋል። መኪናው ከመሸጡ በፊት አስመጪው ቢያንስ የማስጠንቀቂያዎቹን ትርጉም በአማርኛ ጽፎ መስጠት ነበረበት፤ ይህ ብዙ ወጪ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ እነዚህን ዕቃዎች ካስጠገኑ ባለ መኪኖች ግማሽ ያህሉ ከጥገናው በኋላም ችግር እንደገጠማቸው ተናግረዋል። የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤትም በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. 354 አቤቱታዎች ስለደረሱት፣ ወደ 416,000 የሚጠጉ የቴስላ መኪኖች ያለ ምክንያት ፍሬን መያዛቸውን መመርመር ጀምሮ ነበር። መሣሪያውም ባለሙያውም ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ ያለ ልኬት የሚለቀቀውን መኪና ማሰብ ነው።

ታዲያ ለምን አላጠፋውም? ያው የመድን ድርጅቶቹ ተቋም እንደሚለው፣ በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት መኪና መኪናን ከኋላ የሚገጭበትን አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሕይወት የሚያተርፍ ዕቃ ስለተዛነፈ መጣል አልችልም። ግን ከአቅሙ በላይም አላምነውም። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረገው ሙከራ፣ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር በሚነዳ መኪና ፊት ከሁለት መኪኖች መሃል ብቅ ያለን የሕፃን አሻንጉሊት መኪኖቹ ከመቶው 89 ጊዜ ገጭተውታል፤ በጨለማ ደግሞ እግረኛን ለማዳን ጨርሶ የማይረዱ ሆነው ተገኝተዋል። አገራችን ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው መካከል እግረኛው ብዙ ነው። ስለዚህ ማታ ለሚነዳ ደንበኛዬ «እሷ ታየዋለች ብለህ አትመን» እለዋለሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ነገር ፕሮፎርማው ነው። መኪና ሲጋጭ መድኑ ከጋራዦች ፕሮፎርማ ይሰበስባል፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሥራውን ይወስዳል። ፕሮፎርማው ላይ መስታወት አለ፣ ፓራውልት አለ፣ ቀለም አለ፣ የእጅ ዋጋ አለ። የካሜራና የራዳር ልኬት የሚል መስመር ግን አይጻፍም። የጻፈው ጋራዥ ዋጋው ከፍ ስለሚል ይሸነፋል፤ ያልጻፈው ያሸንፍና ሳይለካ ይለቃል። መኪናው በሚቀጥለው ጊዜ ሲጋጭ ከፋዩ ያው መድን ነው። መድኖች ካሜራ ወይም ራዳር ላለው መኪና ልኬቱን የግድ የሚል አንድ መስመር ፎርማቸው ላይ ቢያስገቡ፣ ጋራዡ ሁሉ የልኬት ሰሌዳውን ለመግዛት ምክንያት ያገኛል። ዓመታዊ ምርመራውም ፍሬንና መብራት እንደሚያይ ሁሉ፣ ቢያንስ ካሜራው ፊት የተለጠፈ ነገር እንዳለ ማየት ይችላል፤ ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም።

እስከዚያው ድረስ እኔ የማደርገው ይህን ነው። ትክክለኛው መስታወት ወይም የመኪናው የልኬት መረጃ ካልተገኘ፣ «የፊት ካሜራው አልተለካም፤ በራሱ ፍሬን መያዙ አስተማማኝ አይደለም» ብዬ ጽፌ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን አስፍሬ እፈርምበታለሁ። ባለቤቱ ከሊብሬው ጋር አብሮ እንዲያስቀምጠውና መኪናዋን ለሚነዳ የቤተሰብ አባል ሁሉ እንዲያሳየው አጥብቄ እለምናለሁ። መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰውም ስለ ባትሪው ከጠየቀ በኋላ መስታወቱ ተቀይሮ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ተቀይሮ ከሆነ የልኬቱን ወረቀት ያስመጣ፤ ወረቀት ከሌለም ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ያስለካት።