በተዳፋት ላይ ስለሚሠራ ቤት፤ ውሃ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ



አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ቤት ሠርቶ በጨረሰ ጊዜ እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ስንሄድ በመጀመሪያ የምናየው የሳሎኑን ስፋት፤ ቀጥሎም የበሩንና የመስኮቱን አሠራር ነው። የመጸዳጃው ፍሳሽ በየት በኩል እንደሚወርድ፤ የጣራው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ እንግዳ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቢጠይቅም እንደ ነውር ይቆጠርበት ይሆናል። ይሁን እንጂ በተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ዕድሜው በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ በማይታየው ነገር ስለ ሆነ፤ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ።

የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ከተማ ሳትሆን ደረጃ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ወራት ነው። ቀድሞ ይህን ውሃ ሣሩና የዛፉ ሥር እየያዙ፤ መሬቱም ቀስ በቀስ እየጠጣው ወደ ቀጨኔ፤ ወደ ግንፍሌና ወደ ቀበና ይወርድ ነበር። ዛሬ ግን ከሽሮ ሜዳ አንሥቶ እስከ የካ ድረስ በተራራው ግርጌ ቤት በቤት ላይ ተሠርቷል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ደግሞ ውሃ አይጠጡም።

አስቀድመን ስለሚገባው ውሃ እንነጋገር። በቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ በየ10 ሜትሩ ከፍታ ልዩነት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የ1 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ መሥመር ላይ ከላይኛው ቤት 50 ሜትር ዝቅ ብሎ የተሠራ ቤት 5 ኪሎ የሚሆን ተጨማሪ ግፊት ይደርስበታል። ላይኛው ሰው «ውሃ የለም» እያለ ሲያማርር የታችኛው ሰው ቧንቧ የሚፈነዳው ስለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደሚታማው ሠራተኛው ለአንዱ አድልቶ አይደለም። ከታች ያለ ሰው ከቆጣሪው ቀጥሎ ግፊት መቀነሻ ቫልቭ ያስገባ፤ ከላይ ያለ ሰው ደግሞ ውሃው ኃይል በሚያገኝበት ሌሊት የሚሞላ ማጠራቀሚያ ያስቀምጥ።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ነገር አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር፤ መሥመሩ ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ታች ይወርድና ከላይ በኩል ያለው ቱቦ ባዶውን ይቀራል። ባዶ ቱቦ ይስባል። እንግዲህ ይህ ቱቦ በአንድ ቦታ ቀዳዳ ቢኖረው፤ ቀዳዳውም በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ቢሆን፤ ወደ ውስጥ የሚስበው ምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። በየሠፈራችን የመጠጥ ውሃ ቱቦ በቦይ ውስጥ ተጋድሞ ማየት የተለመደ ነው። ውሃው በፈረቃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን መድፋት፤ ለመጠጥ የሚሆነውንም ማፍላት ከአንጀት ተስቦ ይጠብቃል። ዋናው መድኃኒት ግን ቱቦውን ከቦዩ ማውጣት ነው፤ ይህም የጥቂት ሜትር ቱቦና የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ወደሚወጣው ውሃ ስንመለስ ጥፋተኛው እኔው ራሴ ነኝ። ቤቴን ስሠራ የጣራውን አሸንዳ ወደ ምን እንደምሰደው ግራ ስለ ገባኝ፤ ቱቦውን በግቢዬ ካለው የመጸዳጃ ማንሆል ጋር አገናኘሁት። ሠራተኛውም «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለኝ። በነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከበታቼ የሚኖሩት እማማ በሬን አንኳኩ። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። «ልጄ፤ ና እስቲ ቤቴን እይልኝ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልተናገሩም። ሄጄ ባይ ፍሳሹ በመጸዳጃቸው ወጥቶ እስከ መኝታ ቤታቸው ደርሷል። ምንጣፉ ላይ የልጅ ልጃቸው ደብተሮች ተንሳፈዋል።

ያን ዕለት ማታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ይሆናል። የእኔ ጣራ 120 ካሬ ሜትር ነው፤ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,600 ሊትር ማለት ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤተ ሰብ በሰው 60 ሊትር ቢጠቀም በቀን የሚያፈሰው 360 ሊትር ነው። የዐሥር ቀን ፍሳሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ አንዲት ጠባብ ቱቦ ልኬያለሁ። ሞልቶ የተጨነቀ ቱቦ ደግሞ የሚተነፍሰው ዝቅ ባለው ቤት ነው።

የዝናብ ውሃና የመጸዳጃ ፍሳሽ በምንም ምክንያት በአንድ ቱቦ መሄድ የለባቸውም። ይህ የጉርብትና ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ሀብት በይዞታው ሲገለገል በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ከሚያደርስ ሥራ እንዲጠበቅ ያዛል። እማማ ቢከሱኝ ኖሮ የምመልሰው አልነበረኝም።

የመጸዳጃ ጉድጓድም እንዲሁ ነው። በሜዳ ላይ ፍሳሹ ወደ መሬት ቢሰርግ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል፤ በተዳፋት ላይ ግን ከታችኛው ሰው ግንብ ሥር ብቅ ይላል። ስለዚህ ውስጡ በሚገባ ተለስኖ ውሃ የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ መምጠጫ መኪና የሚደርስበትም ቦታ ይመረጥለት። ጉድጓዱን ከቤቱ ጀርባ ቀብሮ በላዩ ማድ ቤት የሠራ ሰው አውቃለሁ፤ አሁን በየጊዜው ወለሉን ያስፈርሳል።

የድጋፍ ግንብም ማስተንፈሻ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከበስተጀርባውም ጠጠር ይሞላ። ግንብን የሚገፋው አፈሩ ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ነውና። ቀዳዳውን መልክ ያበላሻል ብለው በሲሚንቶ የሚደፍኑ አሉ።

እኔ አሸንዳዬን ለይቼ፤ ግማሹን ውሃ ወደ ማጠራቀሚያ በርሜል፤ ትርፉን በግቢዬ ዳር ባስቆፈርሁት የድንጋይ ቦይ ወደ መንገዱ ቦይ መራሁት። ቦዩ ቁልቁል ሲወርድ አፈሩን እንዳይቦረቡር ደረጃ ደረጃ አድርጌዋለሁ። የእማማን ወለል ያስጠገንሁት በሁለት ወር ደመወዝ ሲሆን፤ ቦዩ ግን ከአንድ ወር ደመወዝ ያነሰ ፈጅቷል። እማማ አሁንም ዝናብ ሲያስገመግም ብቅ ብለው ቦዬን ይመለከታሉ፤ ቅጠል ካዩበትም ልጅ ልከው ያስነግሩኛል።