የቡሌ ሆራ ከተማ ዳርቻ

የቡሌ ሆራ ከተማ ዳርቻ በኦሮሚያ ክልል ምዕራብ ጉጂ ዞን፣ በቡሌ ሆራ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች መካከል የሚገኝ ከፊል ገጠር አካባቢ ነው። ነዋሪው በአንድ በኩል ገበሬና ከብት አርቢ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለከተማዋ ወተት አቅራቢ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ነጋዴና ቤት አከራይ ነው። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር የእርሻ መሬቱ ወደ ቤት መሥሪያ ቦታ ስለሚለወጥ፣ የአካባቢው ትልቁ ጥያቄ የመሬት ጥያቄ ነው።

ስያሜ

ከተማዋ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል ነበር፤ አልጌ የሚል ስምም ነበራት። በእነዚህ የድሮ ስሞች የሚጠሯት ሰዎች ዛሬም አሉ። ሆራ በኦሮምኛ ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለበት ውሃ ማለት ነው። ቡሌ ሆራ በአስተዳደር ረገድ ቀድሞ በቦረና ዞን ሥር የነበረች ሲሆን፣ አሁን የምዕራብ ጉጂ ዞን ዋና ከተማ ናት።

አቀማመጥና ዝናብ

ቡሌ ሆራ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 467 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በስተሰሜን ዲላ፣ በስተደቡብ ያቤሎ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። የከተማዋ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል። ከሰሜንና ከምሥራቅ በኩል ቡና፣ እንሰትና ገብስ የሚበቅልበት ደጋና ወይና ደጋ ያዋስናታል፤ ወደ ያቤሎ ሲኬድ ግን አገሩ እየደረቀ ሄዶ የከብትና የግመል አገር ይሆናል። የደጋው እህልና ቡና ከቆላው ከብት ጋር የሚገናኝባት ገበያ በመሆኗ፣ በዳርቻዋ ያለው ኑሮም የሁለቱን መልክ ይዟል።

የአካባቢው ወቅት ከሰሜንና ከመሃል ኢትዮጵያ ይለያል። በሰሜኑ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥል ሲሆን፣ እዚህ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ነው። ይህ ወቅት በኦሮምኛ ገና ይባላል፤ ከልደት በዓል ስም ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ቃል ነው። ሁለተኛው ዝናብ ሃጋያ ሲባል ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። በመካከላቸው ያለው ቀዝቃዛና ዳመናማ ጊዜ አዶሌሳ፣ ረጅሙ በጋ ደግሞ ቦና ይባላል።

ኑሮ

በዳርቻው የሚኖር ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ መተዳደሪያ አለው። በጓሮው እንሰት፣ ቡናና ጎመን ይተክላል፤ በማሳው በቆሎ፣ ጤፍ ወይም ቦሎቄ ይዘራል። ጥቂት ላሞችም ያረባል። የከብቱ ፍግ የጓሮ ማዳበሪያ ስለሆነ፣ ከብት የሌለው ቤት እንሰቱም ይደክምበታል። የአካባቢው ቡና በዓለም ገበያ ጉጂ በሚለው ስም ይታወቃል።

በጉጂና በቦረና ባህል ወተትና ቅቤ በሴቶች እጅ ነው። በዳርቻው ያሉ ሴቶች ለከተማ ቅርብ በመሆናቸው ወተቱን በዚያው ቀን ሸጠው ገንዘብ ይዘው ይመለሳሉ። ራቅ ያለው የገጠር ሰው ግን ወተቱን ወደ ቅቤ ለውጦ የገበያ ቀን ይጠብቃል። ወንዶች በግንባታ፣ በጭነት፣ በባጃጅና በሞተር ሳይክል ሥራ ይሰማራሉ።

በሁለት በኩል መቆም ጥቅሙ የሚታየው በክፉ ቀን ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ዝናብ በተከታታይ ሲቀር፣ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከከብት ሌላ የከተማ ገቢ ያለው ቤተሰብ ከብት ብቻ ካለው የተሻለ መቋቋሚያ ያገኛል።

ማኅበራዊ ሕይወት

የአካባቢው ነዋሪ በብዛት ጉጂ ኦሮሞ ሲሆን፣ ቡርጂ፣ ጌዴኦ፣ አማራና ሌሎችም በከተማዋና በዙሪያዋ ይኖራሉ። ጉጂዎች ኡራጋ፣ ማቲና ሆኩ በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይመደባሉ፤ የሚተዳደሩበት የገዳ ሥርዓት በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚተላለፍበት ነው። ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው የሚያቋቁምበት ባህል ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። በዳርቻው ይህ ባህል ከከተማው ዕድርና ዕቁብ ጎን ለጎን ይሠራል።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተነሣ ግጭት በሁለቱም ወገን ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ጉጂዎች ደም ከፈሰሰ በኋላ ከጎረቤት ሕዝቦች ጋር የሚታረቁበት ጎንዶሮ የተባለ ሥርዓት አላቸው።

የከተማዋ ዕድገት

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ቡሌ ሆራ ከ27 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገሮች አስፍተዋታል። አንደኛው መንገድ ነው፤ ከከተማዋ ወደ ያቤሎና ሞያሌ የሚወስደው መስመር በሞምባሳ፣ ናይሮቢና አዲስ አበባ የመንገድ ፕሮጀክት ውስጥ ታድሷል። ሁለተኛው ከአገሪቱ ሦስተኛ ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ነው። መምህራንና ሠራተኞች ቤት ይከራያሉ፣ ተማሪውም ወተት፣ እንጀራና አትክልት ይፈልጋል። ሦስተኛው የዞን መቀመጫ መሆኗ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ሲመጡ ሠራተኞችና ግንባታ ይከተላሉ።

የመሬት ይዞታ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው፤ አርብቶ አደሩም የግጦሽ መሬት የማግኘት መብት አለው። በከተማ ግን መሬት የሚሰጠው በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት በሊዝ ነው። ስለዚህ የከተማ ክልል ሲሰፋ አንዱ ማሳ ከገጠር ሕግ ወደ ከተማ ሕግ ይሻገራል።

መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ ይከፈላል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘውን አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 አባዝቶ ይከፍል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ለምሳሌ ከማሳው በዓመት ቢበዛ 40,000 ብር ያገኝ የነበረ ሰው፣ በአዲሱ ስሌት 600,000 ብር ይደርሰዋል። በመሬቱ ላይ ላለው ቤትና ተክል የሚከፈለው ለብቻው ይታሰባል።

ሆኖም ስሌቱ የሚነሣው ከሰብል ገቢ እንጂ ቦታው ለቤት ከሚያወጣው ዋጋ አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞች ዳርቻ ብዙ ገበሬዎች መሬታቸው ሳይወሰድባቸው በፊት ቆራርሰው በድብቅ የሚሸጡት ስለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ያለ ፈቃድ የሚሠራው ቤት የጨረቃ ቤት ይባላል። ገዢው ሕጋዊ ካርታ ስለሌለው ቤቱ ሊፈርስበት ይችላል፤ ሻጩም ገንዘቡ ሲያልቅ የሚያርሰው አይኖረውም። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞት በጥር 2008 ዓ.ም. መሰረዙ ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

በቡሌ ሆራ ዳርቻ ጉዳዩን የሚያከብዱት ሌሎች ነገሮችም አሉ። እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከበርካታ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ የተነቀለ ጓሮ በአንድ ክረምት አይተካም። ከብት ደግሞ ግጦሽ ከሌለ አይቆይም፤ ግጦሹ የጋራ በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ካሳ የሚጠይቅበት አይደለም። ካሳው የሚከፈለው ለባለ ይዞታው ስለሆነ፣ መሬት ከወላጆቻቸው እናገኛለን ብለው የሚጠብቁ ወጣቶች በቀጥታ ድርሻ የላቸውም። ከተማዋ ገበያ፣ መብራትና ትምህርት ቤት ታቀርብላቸዋለች፤ ይሁንና በዚህ ገበያ የሚሸጡት ወተትና ጎመን የሚገኘው ከተማዋ በምትወስደው መሬት ላይ ነው።