በቅሎዋ የደበቀችው አባት፦ የአህያ ቆዳና የዲኤንኤ ምርመራ

በቀወት በገበያ ቀን ጤፍና ማሾ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚገባው ወይ በመኪና ነው፣ ወይ በአህያ ጀርባ። ለገበሬው አህያ ማለት የጭነት መኪናው ናት። በቻይና ገበያ ግን የምትፈለገው ለቆዳዋ ነው። ቆዳዋ ለረጅም ሰዓት ይቀቀልና ኢጂያው የሚባል ጄላቲን ይወጣዋል፤ ደም ይተካል፣ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ እንደ መድኃኒትም እንደ ምግብም ይወሰዳል።

ውድ ዕቃ ባለበት ማጭበርበር አይጠፋም። የፈረስ፣ የከብት ወይም የአሳማ ቆዳ ቀላቅሎ «የአህያ ነው» የሚል ሻጭ አለ። አንዴ ተቀቅሎ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ዓይን አይለየውም። የፕሮቲኑን መጠን መለካትም አይረዳም፤ የሁሉም ቆዳ ዋና ፕሮቲን ኮላጅን ነውና። ታዲያ በምን ይለያል?

በዲኤንኤ። ችግሩ፣ ቅቀላው ዲኤንኤውን ይበጣጥሰዋል። እንደ ተቀዳደደ መጽሐፍ ነው፤ ሙሉ ገጽ ባይገኝም አንዳንድ መስመር ይተርፋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች አጭር መስመር ይፈልጋሉ፤ ያውም በአብዛኛው ከማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ። በአንድ ሴል ውስጥ የኒውክለሱ ዲኤንኤ ሁለት ቅጂ ሲኖረው የማይቶኮንድሪያው በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራል። ብዙ ከሆነ የሚተርፍ አይጠፋም።

ቀጥሎ ፒሲአር ይመጣል። ናሙናው ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ይላቀቃሉ። ሲቀዘቅዝ ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር ቁራጮች የአህያን ፊደል ካገኙ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ኢንዛይም ቅጂ ይሠራል። በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን በ30 ዙር አንዲት ቁራጭ ከ1 ቢሊዮን በላይ ትሆናለች።

እዚህ ላይ በቅሎ ትመጣለች። «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለችው በቅሎ። የማይቶኮንድሪያ ምርመራም ልክ እንደሷ ነው የሚመልሰው፤ ይህ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነውና። የበቅሎ እናት ፈረስ፣ አባቷ አህያ ስለሆነ ምርመራው «ፈረስ» ይላል፤ አህያውን አባት አያነሳም። መፍትሔው የኒውክለሱንም ዲኤንኤ ማየት ነው፤ እሱ ከሁለቱም ወላጅ ይወረሳል። ኒውክለሱ አህያም ፈረስም ካሳየ፣ ማይቶኮንድሪያው ግን ፈረስ ብቻ ካለ፣ የበቅሎ ቆዳ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ማይቶኮንድሪያውም ሁለቱን ካሳየ ግን የተቀላቀለ ነገር አለ።

ይሄ ሁሉ የሚጠብቀው ገዢውን ነው። አህያዋንስ? ምርመራው «የምን ቆዳ ነው?» ለሚለው ይመልሳል እንጂ «የማን አህያ ናት? ተሰርቃ ነው?» ለሚለው አይመልስም። እንዲያውም አስመሳዩ ከገበያ ሲወጣ የእውነተኛው ቆዳ ተፈላጊነት ሊጨምር ይችላል። በዓለም ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕዝብ ተቃውሞ ተዘጋ። በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳ ንግድ ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወሰኑ።

እገዳ ካለ ያው መሣሪያ ለሌላ ጥያቄ ይውላል። «የከብት ቆዳ» ተብሎ ጉምሩክ ከደረሰ ጭነት ቁራጭ ወስዶ አህያ መኖር አለመኖሩን ማየት ይቻላል። ያልተቀቀለ ቆዳ ዲኤንኤው ብዙም ስላልተጎዳ ሥራው ከኢጂያው ይቀላል። ለቻይናው ገዢ ጥያቄው «አህያ ነው ወይ?» ነው፤ በአህያው ለሚኖረው የቀወት ገበሬ ደግሞ «አህያ አለበት ወይ?» የሚለው። ፕራይመሩ አንድ ነው።