ስለ ደረቅ አየርና ስለ ቤንዚን ጀሪካን ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር

በጅጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌና በሺኒሌ በበጋ ወራት የሚነፍሰው ነፋስ ደረቅ ነው። በዚህ ጊዜ የናይሎን ሻሽ ከራስ ላይ ሲገፈፍ ጠጕር ተከትሎት ይነሣል፤ በጨለማም ትንሽ ብልጭታ ይታያል። ነገሩ የጋኔን ሥራ እንዳይመስለን ምክንያቱን ማወቅ ይገባናል።

ይህን የሚያስረዳን መምህር ሩቅ አይደለም፤ በሶማሌና በሐረር ወይዛዝርት አንገት ላይ ይገኛል። ከጥንት ጀምሮ ከሚያጌጡበት ድሪ አንዳንዱ አምበርና ብር ተሰካክቶ የተሠራ ነው። አምበር በዘመን ብዛት የደነደነ የዛፍ ሙጫ ሲሆን፤ በጨርቅ ቢፈተግ ገለባ ይስባል። ግሪኮች አምበርን ኤሌክትሮን ይሉት ስለ ነበር ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1729 እንግሊዛዊው ስቴፈን ግሬይ ይህ ኀይል በአንዳንዱ ነገር ውስጥ እንደሚያልፍ፤ በሌላው ግን እንደማያልፍ ገለጠ። እነሆ፤ በአንድ ድሪ ላይ ብሩ ኀይሉን ያሳልፋል፤ አምበሩ ግን ባለበት ይይዘዋል። ናይሎን፤ ፕላስቲክና ጎማ የአምበር ወገን ናቸው፤ ብረት፤ እርጥብ ምድርና የሰው ገላ ደግሞ የብር ወገን ናቸው።

አየሩ እርጥብ ሲሆን በፍትጊያ የመጣው ኀይል ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ግን ይከማቻል። የጎማ ጫማ ያደረገ ሰው ብረት ሲነካ ጣቱን የሚቈነጥጠው ብልጭታ ብዙ ጊዜ ከ3000 ቮልት አያንስም። መጠኑ ጥቂት ስለ ሆነ ሰው አይገድልም፤ የቤንዚንን ትነት ግን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ስለዚህ ቤንዚን የሚያስቀዳ ሰው ጀሪካኑን ከመኪናው አውርዶ በምድር ላይ ያኑር። የብረት ጀሪካን እንኳ በምንጣፍ ወይም በፕላስቲክ ላይ ከተቀመጠ ኀይሉ መውጫ ያጣና በአንድ ጊዜ በብልጭታ ይወጣል። ፕላስቲኩ ደግሞ ኀይሉን ስለማያሳልፍ ሽቦ ቢያስሩበትም ፈጽሞ አይጠራም። ከመቅዳቱም በፊት ራቅ ብሎ ብረት በእጁ ይንካ፤ የመቅጃውን አፍ ከጀሪካኑ አፍ ሳያለያይ በዝግታ ይሙላ። ባለ ቦቴዎች ነዳጅ ከማራገፋቸው በፊት መኪናውን በሽቦ ከምድር ጋራ ማገናኘታቸው ለዚሁ ነው።

ይህን ለልጆቹና ለሠራተኞቹ አስቀድሞ ያስተማረ አባወራ ቤቱን ከእሳት ጠበቀ ማለት ነው።